ፊታውራሪ ጓንጉል የት ይቁሙ?

ፊታውራሪ ጓንጉል ከንጉሥ በቀር ማንንም የማይፈሩ ባላባት ነበሩ። አንድ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተኮለኮሉትን ነዳያን በጅራፍ አስነሥተው ገቡና እንደ ደንቡ በግራ በኩል ከወንዶቹ ጋር ቆሙ። ሴቶቹ በቀኝ ነበሩ።

ቄሱ ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምሩ፣ "ጌታ በጎቹን በቀኙ፣ ፍየሎቹን በግራው ያቆማል። የግራዎቹ ወደ ዘላለም እሳት ይሄዳሉ" አሉ።

ፊታውራሪ ግራ ቀኛቸውን አዩና ክው አሉ።

"ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ከፍየል ጋር ነው የቆምኩት! ሴቶች ወደ ግራ፣ ወንዶች ወደ ቀኝ! እምቢ ያለች ትገረፋለች!"

ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ጊዜ የቅዳሜ ገበያ መሰለ። ጥጥ ፈትላ የምታድር አንዲት ባልቴት ብቻ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

"አንቺ፣ አትሰሚም?"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ። ግን ዳኛ ፊቱን ወደ ተከሳሽ አዙሮ አይደል የሚቀመጠው? የእሱ ቀኝ የእኛ ግራ ነው። ከፍየሎቹ የተቀላቀሉት እንግዲህ አሁን ነው።"

ፊታውራሪ ካባቸውን ሰብስበው ወደ ግራ ሮጡ፤ ወንዶቹም እየተጋፉ ተከተሏቸው። ግማሽ መንገድ እንደደረሱ ግን ፊታውራሪን ጥርጣሬ ያዛቸውና መሀል ላይ ቀጥ አሉ።

"ታዲያ የቱ ነው ትክክለኛው?" ብለው ጮኹ።

"እኔ ምን አውቄ፤ ዳኛውን ራሱን ይጠይቁት እንጂ" አለች ባልቴቲቱ። "'ተርቤ ነበር' ብሎ የለ? ጠዋት በጅራፍ ካስነሧቸው መሀል ነበር፤ ገና ብዙ አልራቀም።"