የመጨረሻዋ ቆርቆሮ

አንድ ሻንካ የሚባል ሸማኔ ነበር። የቤቱ ጣራ ከማርጀቱ የተነሳ እቤት ተቀምጦ ሰማዩን ያይ ነበር። ይህ በበጋ ደስ ይላል። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው እየተንጠባጠበ እግሩን አስገብቶ የሚሸምንበትን ጉድጓድ ይሞላዋል። "ሰውዬ፣ ሽመናውን ትተህ ዓሣ ብታረባ ይሻልሃል" ትለው ነበር ሚስቱ። ጉድጓዱ ከሞላ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ምሳ የለም።

ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ የግንባታ ፈቃድ ወደሚሰጠው ሹም ሄደ።

"ጣራዬን ልለውጥ ነው ጌታዬ።"

"ጣራ መለወጥ ግንባታ ነው" አለ ሹሙ። "ፕላን ታሠራለህ፤ የጎረቤቶችህን ስምምነት ታመጣለህ፤ ከዚያ ኮሚቴው አይቶ ይወስናል።"

"ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?"

"ክረምቱ እንደወጣ።"

"አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ብለውጥስ?"

"እሱማ ጥገና ነው። ጥገና ፈቃድ አይጠይቅም።"

ሸማኔው ሕግ አክባሪ ነበርና ጥገና ጀመረ። በየገበያው ማግስት አንዲት አሮጌ ቆርቆሮ ያወርዳል፣ በቦታዋ አንዲት አዲስ ይመታል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጣራው ከሩቅ ያብረቀርቅ ጀመር። ሹሙ ከቢሮው መስኮት አየውና እየሮጠ መጣ።

"ጣራ ለውጠሃል!"

"ኧረ አልለወጥኩም ጌታዬ፤ ጠገንኩ እንጂ።"

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ የምር ገረመው። በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠና አንጋጦ ማሰብ ያዘ። በመጀመሪያዋ ቆርቆሮ ጣራው አልተለወጠም፤ ያ ጥገና ነው። በሁለተኛዋም አልተለወጠም። በሦስተኛዋስ? አንገቱ እስኪደነዝዝ ቆየና ድንገት ብድግ አለ።

"ደረስኩበት! ጥፋተኛዋ የመጨረሻዋ ናት። እሷ ባትገባ ኖሮ ጣራው ገና አልተለወጠም ነበር። ትውረድ፣ አሮጌዋ ትመለስ! የትኛዋ ናት?"

ሸማኔው አፉን ሳይከፍት ሚስቱ ቀደመችው። "ከበሩ በላይ፣ ወደ ደጅ የወጣችው።"

አዲሷ ወረደች፤ አሮጌዋ ከነቀዳዳዋ ተመለሰች፤ ሕግ ተከበረ።

ሐምሌ ላይ ሹሙ አሮጌዋ ቆርቆሮ በቦታዋ መኖሯን ሊያረጋግጥ በዝናብ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቀና ሲል ውሃው በኮሌታው ገብቶ እስከ ወገቡ ወረደ። ሸማኔው ውስጥ፣ እግሩን ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል።

"ይቺን ምን አስቀመጣት? ቀይሯት እንጂ!" ብሎ ጮኸ ሹሙ።

"ውይ ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ፣ "እሷን ከነካንማ ጣራ ለወጣችሁ እንባል የለም እንዴ? ኮሚቴው ይሰብሰብ እንጂ። ይልቅ ይግቡ፣ ከውስጥ አያፈስም።"

ከዚህ የምንማረው ደንብ መከበር እንዳለበት ነው። ሁለቱም አከበሩ፤ የረጠበው አንዱ ብቻ ነው። ደንብ የሚያወጣ ሰው ግን በዝናብ ቀን አንዴ ከሥሩ ቢቆም፣ የት ጋ እንደሚያፈስ ያውቅ ነበር። ጣራ አዲስ የሚሆነው በስንተኛዋ ቆርቆሮ እንደሆነ እኔም እስካሁን አልገባኝም፤ የገባው ካለ ለሹሙ ይንገርልኝ።

እናንተስ፣ ለሌላው ባወጣችሁት ደንብ ሥር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሲዘንብ ማለቴ ነው።