የይርገዱ ስም እስኪጻፍ

«ስምሽን አልሰርዘውም። ጠዋት ጠዋት እጠራዋለሁ፤ የመጣሽ ቀን ‹አለሁ› ትያለሽ።»

ይህን ያሏት መምህር አስናቀ ናቸው፤ ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተድራ ከትምህርት ቤት የወጣች ዕለት። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ይርገዱ ገላው ብሎ የጠራት የለም። አንዱ «የጌጡ ሚስት» ይላታል፣ ሌላው «የሕፃኗ እናት»፣ የቀረው «አንቺ!»።

የክልልና የአገር ምርጫ ደረሰ ተባለና በዚያው ትምህርት ቤት የመራጮች መዝገብ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ማንን እንደሚመርጥ ይከራከራል። ይርገዱም በልቧ የያዘችው አላት፤ ለማንም አልተነፈሰችም። ግን አስቀድሞ ስም ይጻፋል። ዛሬ ነገ ስትል የመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ ልጇን አዝላ ሄደች።

«መታወቂያ?» አለ መዝጋቢው።

«የለኝም ወንድሜ።»

«እንግዲያው የሚያውቅሽ ምስክር አምጪ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።»

ወደ ጎረቤቷ ወደ እማማ ሽታዬ ሮጠች። ደጃቸው ላይ ብቅል አስጥተው በትር ይዘው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይምጡና ይመስክሩልኝ።»

«እንዴታ! ግን ብቅሌን የጓንጉል ዶሮዎች ይጨርሱታል። እነሱ ይዘጉልኝ፣ እመጣለሁ።»

እማማ ሽታዬ ብቅሌን አልተውም አሉ፣ መዝጋቢው ያለ ምስክር አልጽፍም አለ፣ የይርገዱ ስም ሳይጻፍ ቀረ።

አያ ጓንጉል ደጅ ደርሳ ብትነግራቸው ሳቁ። «የዶሮ ቤቱ መዝጊያ ተገንጥሏል፣ በምን ልዝጋቸው? አናጢው ይምታልኝ። ደግሞስ ጠላው ሲደርስ ሽታዬ እኔን አትጠራኝም፤ ድርሻዬን ዶሮዎቼ ካሁኑ ይብሉልኝ!»

አያ ጓንጉል ዶሮ አልዘጋም አሉ፣ እማማ ሽታዬ ብቅሌን አልተውም አሉ፣ መዝጋቢው ያለ ምስክር አልጽፍም አለ፣ የይርገዱ ስም ሳይጻፍ ቀረ።

«በምን ልምታ፣ በግንባሬ?» አለ አናጢው ደስታው። «መዶሻዬን ባለወፍጮው ተውሶ አስቀርቶታል።»

አናጢው መዝጊያ አልመታም አለ፣ አያ ጓንጉል ዶሮ አልዘጋም አሉ፣ እማማ ሽታዬ ብቅሌን አልተውም አሉ፣ መዝጋቢው ያለ ምስክር አልጽፍም አለ፣ የይርገዱ ስም ሳይጻፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች ይጋፋሉ።

«እኔ እቀድማለሁ!»

«የት አባሽ ቀድመሽ!»

ባለወፍጮው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ በሩን በሁለት እጁ ይዟል። «መዶሻው ውስጥ ነው እህቴ። ግን ዘወር ብል እነዚህ ይፋጁብኛል። ወረፋቸው በስም ይጻፍ፣ ያን ጊዜ እሰጥሻለሁ። ደብተርም እርሳስም አለኝ፤ ያጣሁት የሚጽፍ ነው።»

ወረፋው አልተጻፈም፣ ባለወፍጮው መዶሻ አልሰጥም አለ፣ አናጢው መዝጊያ አልመታም አለ፣ አያ ጓንጉል ዶሮ አልዘጋም አሉ፣ እማማ ሽታዬ ብቅሌን አልተውም አሉ፣ መዝጋቢው ያለ ምስክር አልጽፍም አለ። ይርገዱ እርሳሱን አየችው። ስምንት ዓመት እርሳስ አልያዘችም።

«እኔ እጽፋለሁ» አለች።

«አንቺ? የጌጡ ሚስት?»

ደብተሩን ጆንያ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያዋን ሴት ስም ፊደል በፊደል እያስታወሰች ጻፈች፤ አምስተኛዋ ላይ እጇ ፈጠነ። አንዷ ጎንበስ ብላ፣ «የአባቴንም ስም ጨምሪበት በሞቴ» አለቻት። «ተጽፎ አይቼው አላውቅም።»

ይርገዱ ጨመረችበት።

ወረፋው ተጻፈ፣ ባለወፍጮው መዶሻ ሰጠ፣ አናጢው መዝጊያ መታ፣ አያ ጓንጉል እያጉረመረሙ ዶሮ ዘጉ፣ እማማ ሽታዬ በትራቸውን ጥለው ነጠላቸውን አጣፉ፤ እሳቸውና ይርገዱ እየሮጡ ትምህርት ቤቱ ደረሱ።

መዝጋቢው ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው፣ እማማ።»

«አምስት ደቂቃ መቼ አነሰ? ቁጭ በል!»

«ያውቋታል?»

«ሳውቃት! ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ሳል ቢይዛት የምሰማው እኔ ነኝ።»

ጻፈ። የጻፈውንም ለማረጋገጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ይርገዱ ገላው።»

«አለሁ!» አለች።

«ፊቴ ቆመሽ የለም እንዴ!» ብሎ ሳቀና ጣቷን እንድታትም ቀለሙን አስጠጋላት። ቀለሙን መልሳ ገፋችው፣ እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች።

ካርዷን ደረቷ ውስጥ ከታ ስትወጣ የስድስተኛ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፣ ማንም የለም። ገባች። በመስኮቱ በኩል ያለውን ሦስተኛ ዴስክ፣ የድሮ ቦታዋን፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፣ ቁጭ ብላም አጠባቻት።