አምስተኛው ሽቦ

አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ስሙ ምንተስኖት ይባላል። እንጀራው ከመዳፍ የማይበልጡ ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶችን ማሰናዳት ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እሱም ይህን መባሉን አይጠላም። ታዲያ አንድ ጊዜ በሁለት ተራሮች መሃል የተሠራ ግድብን ቀን ከሌት የሚጠብቅ ቦርድ እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ። ሚስቱን ውዳላትንና የሰባት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣና ከግድቡ ሥር ባለችው ከተማ ቤት ተከራየ።

የቦርዱ አሠራር ለማንም የሚገባ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ፕሮሰሰር እንደ አንድ ሹም ቁጭ ብሎ የዘወትር ሥራውን ይሠራል። በሩ ላይ አቤት ባዮች ቆመዋል፤ እነሱም ሽቦዎቹ ናቸው። አንዱ «አቤት!» ሲል ሹሙ የያዘውን ትቶ ያደምጠዋል፣ ጉዳዩን ይፈጽምለታል፣ ከዚያም ወደ ሥራው ይመለሳል። ባለሙያዎች ይህን አቤቱታ ኢንተራፕት ይሉታል። ማን እንደሚቀድም፣ የማን አፍ እንደሚዘጋ የሚወስነው ግን ሹሙ ሳይሆን ቦርዱን ያሰናዳው ሰው ነው።

ምንተስኖት አምስት ሽቦዎች ነበሩት። አንደኛ ያደረገው ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ትእዛዝ ነው፤ አለቃ ደጅ ይጠናል እንዴ! ቀጥሎ መብራቱን፣ ቀጥሎ የውሃ መልቀቂያውን በር፣ ቀጥሎ የሐይቁን ከፍታ አደረገ። መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ከግድቡ ሆድ ውስጥ፣ ከዋሻው የሚመጣውን ሽቦ ነው። የዚህ ሥራ ግድግዳው ማፍሰስ ሲጀምር መጮህ ነው።

አምስተኛው ሽቦ በየቀኑ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ይጮህ ጀመር። ሦስት ጊዜ ጮሆ ዝም ይላል። ምንተስኖት ባትሪውን ይዞ ዋሻው ውስጥ ይወርዳል፤ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ የሚያገኘው ደረቅ አቧራ ነው። ፍሳሹን የሚያስታውቀውን ሴንሰር ቀየረ፤ ጮኸ። ሽቦውንም ቀየረ፤ አሁንም ጮኸ።

የግድቡ የድሮ ጠባቂ ጋሽ እርገጤ ነበሩ። ቦርዱ ከመምጣቱ በፊት በየቀኑ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ግድቡን የሚያዳምጡ እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ እርገጤ፣ ይሄ ሽቦ ሊያሳብደኝ ነው። የሌለ ነገር ነው የሚያወራው» አላቸው።

«አንተ ያየኸው ግድግዳውን ነው ልጄ። ከጀርባው ያለውን አላየህም» አሉት።

በማግስቱ የርክክብ ቀን ነበር። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ሰነድ ይፈረማል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማስጠንቀቂያው ቢጮህስ? ምንተስኖት አሰበው፤ አፈረም፤ ፈራም። «ለነገ ብቻ ነው» ብሎ ሹሙን የሚያዘው ኮድ ላይ አንዲት መስመር ጻፈና የአምስተኛውን ሽቦ አፍ ዘጋ። ድምፁ ጠፋ። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ግን አልጠፋችም፤ ያልተሰማ አቤቱታ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የምትበራ መብራት ናት። ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት።

«ዘጋኸው?» አሉ ጋሽ እርገጤ ከበሩ ላይ።

«ለጊዜው ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ሊያዳምጡ ወደ ዋሻው ወረዱ።

ርክክቡ አማረ። ዘጠኝ ሰዓት በጭብጨባ መሃል አለፈ። በማግስቱ የእንኳን ደስ አለህ ግብዣ ነበር፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ። ያችን መስመር ሊያጠፋት ዛሬ ነገ እያለ ስምንት ቀን ሞላው።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰማዩ ዳምኖ ነበር። ባለ ሱቋን «እንደምን ዋልሽ?» አላት። አልመለሰችም። ፊቱን አልፋ መንገዱን ታያለች። ጫማ የሚጠግነውን ጎረቤቱን ሰላም አለው፤ እሱም ቀና አላለም። እግዜር ይመስገን ማለት ማንን ይከብዳል? ተቀየማቸው። ሦስተኛው ሰው እንዲሁ ሲያልፈው ግን ቅያሜው ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

ቤቱ ደርሶ በሩን ከፈተ። ውዳላት ምስር ትለቅማለች፤ ልጁ መሬት ላይ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች።

«እማዬ፣ በሩ ለምን ተከፈተ?» አለች ልጅቷ።

«ነፋስ ነው። ዝጊው እስቲ» አለች ውዳላት።

ልጁ በአጠገቡ አልፋ በሩን ዘጋች። ምንተስኖት ወደ ሚስቱ ተጠጋ። ሚስቱን ትከሻዋን ያዛት፤ እንደበረዳት ሁሉ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ምስሯን ቀጠለች። ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ውዳላት! ውዳላት! ውዳላት!» ብሎ ጮኸ። ለአራተኛ ጊዜ ሊጠራት አፉን ቢከፍት ድምፁ እምቢ አለው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ልክ ዘጠኝ ነው። ምስሩ አጠገብ የተቀመጠው ሳህን ውስጥ ያለው ውሃ ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

ያኔ የአምስተኛው ሽቦ ጥሪ ገባው። ሽቅብ ወደ ግድቡ ሮጠ። በመንገድ ላይ «ውጡ! ሽሹ!» እያለ አፉን ይከፍታል፤ ማንም ዞር አላለም። ዋሻው ውስጥ ሲገባ ያ ደረቅ ግድግዳ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍሎ ጭቃማ ውሃ ያፈስሳል። ወደ ቦርዱ ክፍል ወጥቶ ፕላስተሩን ገነጠለው፤ ጠርዙ ተቃጥሎ ተኮማትሯል። ያችን መስመር አጠፋት።

ስምንት ቀን በር ላይ የቆመው አቤቱታ ለቅጽበት እንኳ አልዘገየም፤ ወዲያው ገባ። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሸለቆውን ሞላው፤ የውሃ መልቀቂያው በር ተከፈተ፤ የከተማው ሰው ልጁን እያዘለ፣ ሽማግሌውን እየደገፈ ወደ ኮረብታው ወጣ።

ጋሽ እርገጤ እያለከለኩ ገቡ። «ስምንት ቀን ሙሉ ግድግዳው አለቀሰ ብዬ ከኋላህ ስጮህ ዞር አላልክም። አሁንስ ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ» አለ ምንተስኖት። ድምፁ ተመልሶለታል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድቡ ባንድ ጎኑ ተናደ። ገበያውን ወሰደ፤ የተከራየውንም ቤት ወሰደ፤ ሰው ግን አልወሰደም። ምንተስኖት ኮረብታው ላይ ሲደርስ ልጁ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ፣ ስትጠራን ሰማንህ እኮ! ሦስት ጊዜ ነው የጠራኸን» አለችው።

ውዳላትም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ምንተስኖት የማስጠንቀቂያው ድምፅ ነው ሊላቸው ፈለገ፤ ግን አለቀሰ።

ወዳጄ፣ የሚያስቸግርህን ጥሪ መዝጋት ቀላል ነው፤ ጥሪው ግን አይጠፋም፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። እኛም እንደ ምንተስኖት አለቃችንን አንደኛ፣ ከበታች ሆኖ የሸክማችንን ሁሉ መሠረት የያዘውን መጨረሻ እናደርጋለን። «ለነገ ብቻ ነው» ብለን የዘጋነው የእናት ስልክ አለ፣ የታማሚ ጎረቤት፣ የገዛ ሰውነታችን ሕመም፣ የኅሊናችን ድምፅ። የማንሰማ ሆነን ስንከርም ደግሞ እኛንም የሚሰማን ይጠፋል።

እስቲ ዛሬ ፕላስተሩን ገለጥ አድርገህ እይ፤ ከሥሩ የምትበራው ቀይ መብራት የማን ናት?