ጦም አዳሪው ሹም

በዝግባ አምባ ወረዳውን ለሚገዛ፣ የደብሩንም የመስጊዱንም ሕዝብ ለሚዳኝ ሰው የሚሰጠው ማዕረግ «ጦም አዳሪ» ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ስድብ ይመስለዋል፤ በሌላው አገር ጦም አዳሪ ማለት ራቱን ያጣ ድኻ ነዋ! በዝግባ አምባ ግን ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ነጠላውን አደግድጎ «ጦም አዳሪ፣ እንዴት ዋሉ?» ይላል። የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው ይባላል።

በጥንት ዘመን የወረዳው ገዥ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ከወንዙ በላይ ያለው ክርስቲያን «ከእኛ ይሾም» ሲል፣ ከወንዙ በታች ያለው እስላም «አሁንስ ተራው የእኛ ነው» ሲል፣ ጭቅጭቁ ንጉሡ ጆሮ ደረሰና «እስከ መጪው ቅዳሜ ገበያ አንድ ሰው ካልመረጣችሁ ወታደር አሰፍርባችኋለሁ» የሚል ቃል መጣ። ወታደር ሰፈረ ማለት ደግሞ ጎተራው ተገልብጦ፣ በሬው ታርዶ፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ሎሌ ሆነ ማለት ነው።

ሽማግሎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀው ይመርን አገኙ። አባቱ ከታች፣ እናቱ ከላይ ናቸው፤ እሱ ራሱ በየትኛው ሃይማኖት እንደጸና ተራኪዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፍርድ አዋቂ፣ ሐቀኛ ሰው ነበር፤ አንድ ነውር ብቻ ነበረበት፣ ሥጋ ወዳድነት! «ይመር ከታረደበት አይታጣም» እየተባለ ይተረብ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ አገር አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስምና፣ ገበያው ሜዳ ላይ ለሹመቱ ድግስ ሁለት ሰንጋ ታርዶ ሁለት ዳስ ተጣለ። ይመር ከማለዳው ጀምሮ ደስ ብሎት ነበር፤ ከሁለቱ ዳስ መካከል ሲቆም ግን ጉዱ ገባው። መጀመሪያ የጎረሰበት ዳስ ወገኑ ሊባል ነው፤ ሌላው ዱላውን ጨብጦ ሊነሣ ነው፤ የንጉሡ መልእክተኛ ደግሞ በበቅሎ እየመጣ ነው።

እጁን ታጥቦ ላይኛው ዳስ ገባ። ቢላዋ አንሥቶ ብልት ብልቱን እየቆረጠ ሽማግሌውን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን አጎረሰ፤ ራሱ ግን አልቀመሰም። ቢላዋውን እዚያው ትቶ፣ እጁን እንደገና ታጥቦ ወደ ታችኛው ዳስ ተሻገረና በዚያኛው ቢላዋ እንዲሁ አደረገ። ጥብሱ ሲሸተው ምራቁን ደጋግሞ ዋጠ።

የአባቱ እኅት ዘሐራ አላስቻላትም። «አንተ ይመር፣ አመመህ እንዴ? ሥጋ ፊትህ ተቀምጦ ዝም የምትል ልጅ አልነበርክም!»

ሰው ሳቀ። ይመርም ሳቀ።

«አላመመኝም እቴቴ፤ በረሃብ ልሞት ነው እንጂ! ግን ከዚህ ብበላ እነዚያ ይከፋቸዋል፤ ከዚያ ብበላ እናንተ። ሁላችሁም ጥገቡልኝ፤ ጦሙን እኔ ልደር።»

ከዚያ ዘሐራ እልል አለች! እልልታውን ላይኛው ዳስ ተቀበለው፤ ዱላ የጨበጠው ሁሉ ዱላውን ጥሎ ያጨበጭብ ጀመር። መልእክተኛው ደርሶ ከበቅሎው ሳይወርድ «ሹማችሁ ማን ነው?» ቢል፣ ላይኛውም ታችኛውም ባንድ አፍ «ያ ጦም አዳሪው!» አሉት። እሱም ስድብ ይሁን ምርቃት ሳይገባው እንደ ሰማው ጽፎ ወሰደ፤ ንጉሡም በዚያው ስም አጸናው፤ ወታደሩም ሳይመጣ ቀረ።

ዛሬም አዲስ ጦም አዳሪ ሲሾም ተሿሚው በሁለቱም ዳስ ያጎርሳል እንጂ አይጎርስም። እንደሚነገረው አንድ ጊዜ አንድ ተሿሚ ሰው አላየኝም ብሎ፣ ከዳሱ ጀርባ አንዲት ቁራጭ ጥብስ ወደ አፉ ሲሰድ ታየ። የተቆጣው የለም፤ የሰደበውም የለም። የሁለቱም ዳስ ሰው እጁን ታጥቦ ተነሣና፣ አብሮ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።