አጥር የበላው ሜዳ

በዚያ ጫካ ሥርዓት አልነበረም አልልም፤ ነበር። አያ ጅቦ ይገዛል፣ ቀበሮ ይመክራል፣ የቀረው ያጨበጭባል። አያ ጅቦ ቀን ቀን ገዢ ነው፤ ሲመሽ ያው ጅብ ነው።

ከጫካው ዳር የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ሰፊ ሜዳ ነበር። የሚዳቋ ግልገል፣ የአጋዘን ጥጃ፣ የአህያ ውርንጭላ ሩጫ የሚማረው እዚያ ነው። እናት ከኋላ እያባረረች፣ ልጅ ከፊት እየወደቀ እየተነሣ፣ እግሩ እስኪጠና ድረስ። ከጅብ የሚያስጥል ሌላ ምን አለና! አያ ጅቦም ከዚያ ሜዳ ስንቴ ባዶ አፉን ተመልሷል።

አንድ ጧት እዚያው ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የጫካው ሕዝብ በዝቷል። ይህ መሬት ግን ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ለልማት ተፈልጓል። ለእያንዳንዳችሁ የታጠረ ግቢ ይሰጣችኋል፤ በር ላይ ዘበኛ ይቆምላችኋል።»

«ዘበኞቹ እነማን ናቸው?» አለች ጦጣ ከዛፍ ላይ።

«የአያ ጅቦ ወንድሞች።»

ይህን ሰምተው አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ!

እመት ሚዳቋ ብድግ አለች። እርጉዝ ነበረች፤ መውለጃዋ ደርሷል።

«አያ ጅቦ፣ ቤት አይሠራ አላልኩም። ልጅ ይወለዳል፣ ማደሪያ ያስፈልጋል። ድንጋያማው ዳገት ባዶውን ተቀምጦ የለም? እዚያ ይሠራ። ሜዳውን ግን አትንኩብን። ይሄ በሆዴ ያለው የት ሊሮጥ ነው?»

አያ ጅቦ ፈገግ አለ። ጥርሱ እንዳይታይ ብዙ አይስቅም ነበር።

«እመት ሚዳቋ፣ ልጅሽ አጥር እያለው ምን አስሮጠው? ሩጫ ድሮ ቀረ።»

እትዬ አህያ ደግሞ ከወዲያ ተነሣች። «እናንተ ሚዳቋዎች ምቀኝነት አይለቃችሁም! እኔ ዕድሜ ልኬን ዝናብ ሲወርድብኝ ያደርኩ ነኝ። ሜዳው እንደሁ ሰፊ ነው። የኔ አንዲት ግቢ ምን ታጎድልበታለች?»

እሷ ያለችውን አጋዘን ደገመው፤ ከርከሮም ደገመው፤ ጥንቸል እንኳ በአቅሟ «የኔ ብቻ» አለች። «የኔ ብቻ» እያሉ ሜዳውን ጨረሱት። ጅቡን ምን ልበለው? ጅብ ነው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሣር በል ፍጡር የቆመበትን ሣር ለመስጠት ኮቴውን ሲያነሣ ነው።

ቀበሮ ግን ለወጉ ያህል መሀል ላይ ምንጣፍ የምታክል ሣር አስቀረ። ዙሪያዋን ድንጋይ ደረደረና «አረንጓዴ ስፍራ» አላት። መርገጥ ክልክል ነው።

እመት ሚዳቋ መሄጃ ስታጣ የተሰጣት ግቢ ገባች፤ ልጇንም እዚያው ወለደች። ግልገሉ ፈጣን ነበር። ከአጥር ተነሥቶ አጥር ጋ ሲደርስ ይዞራል፤ ደግሞ ይሮጥና ይዞራል። «እንዲህ አይደለም ልጄ» ትለዋለች እናቱ። እንዴት እንደሆነ የምታሳይበት ቦታ ግን የላትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ቀን ዘበኛው በሩን ለአያ ጅቦ ከፈተለት። እመት ሚዳቋ ደረቷ እስኪደማ የእሾህ አጥሩን ጣሰችው።

«በዚህ ውጣ! ሩጥ! ዝም ብለህ ወደ ፊት ሩጥ!»

ወጣ። ከፊቱ እስከ ጫካው የሚያደርስ ባዶ መንገድ ነበረለት። እንደ ነፋስ በረረ፤ አያ ጅቦ ከኋላው ቀረ። የግቢውን ርዝመት ያህል እንደ ሮጠ ግን፣ አጥር በሌለበት፣ ዞረ። እንደ ለመደው ዞረና በዚያው ፍጥነት ተመልሶ መጣ።

ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ሽንቁር ያይ ነበር። አንድም የጮኸ የለም።

እመት ሚዳቋ ወደዚያ ግቢ አልተመለሰችም። በማግሥቱ እትዬ አህያ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ አያ ጅቦን ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ የእመት ሚዳቋ ግቢ እንግዲህ ባዶ ከሆነ... የኔ ውርንጭላ እኮ አድጎ ቦታ ጠቦታል።»

አያ ጅቦ አፉን ጠረገ።

«ይታሰብበታል» አላት። «እስቲ መጀመሪያ ውርንጭላሽን አምጪውና ልየው።»