ዘጠኙ ፈርጥ

ሊያሳምር ብሎ የሚያበላሽ ሰው ስናይ የምንላት አባባል አለች። ዛሬ ጣሪያ ለሚያድሰውም ጽሑፍ ለሚያርመውም እንላታለን፤ የመጣችው ግን ከአሥራ ሁለት ብር ነው።

ያኔ በባሶ ገበያ የሚሠራበት ብር ከባሕር ማዶ የሚመጣው ማርትሬዛ ነበር። በላዩ የተቀረጸችው የፈረንጅ ንግሥት ከሞተች ዘመን አልፏታል፤ አገሯም የተጻፈበትን ዓመት እንኳ ሳትቀይር ያንኑ ብር ማተም ነው። የኛ ሰው ይህ አይገደውም። ትከሻዋ ላይ ካለው ጌጥ ዘጠኙ ፈርጥ አለመጉደሉን ነው የሚያየው። አንዱ ከጎደለ "ሂድ ከነሴትዮህ!" ይላል።

ደባልቄ የሚባል ኩሩ ባላገር ልጁን ሊድር አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የሙሽራው አባት ባላምባራስ ወንድይራድ "ለሙሽራዋ በቅሎ ከቸገረህ የኔን እልክልሃለሁ" ስላሉት አንጀቱ አሯል። "ልጄ በሰው በቅሎ ከቤቴ አትወጣም!" ብሎ ማለ። ለዓመታት ቀብሮ ያስቀመጠውን አሥራ ሁለት ብር ቢያወጣው ጠቁሯል።

"ይህን ጥላሸት ይዤ ገበያ ልቁም?" አለ።

"ተው አንተ ሰው፣ ብር እንደ ድስት አይፈተግም" አለችው ሚስቱ ውዴ።

መች ሰምቷት! ወንዝ ወርዶ ሁለት ቀን ሙሉ ብሩን በአሸዋና በአመድ ሲፈትግ ዋለ። ብሩ አበራ፤ እሱም አብሮ አበራ።

በገበያው ቀን የጉድሩው በቅሎ ነጋዴ ዱጉማ ብሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"ወንድሜ፣ የሴትዮዋ ጌጥ የት ገባ?"

"እንዴት እንደምታበራ አታይም?"

"አየሁ እንጂ። መላጣም ያበራል።"

አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አገላብጦ መለሰለት። ደባልቄ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ለመነ። የሰፈሩ ሰው የሆኑት አለቃ ድንቁ ቆመው ያያሉ። በቅሎይቱ ዓይኑ እያየ ጥቀርሻ በለበሰ ብር ለሌላ ተሸጠች።

እሑድ ሙሽራዋ በባላምባራስ በቅሎ ወጣች። ደባልቄ ልጁን ሲስም ቀና ማለት አልቻለም፤ እኔ እንኳ ስሰማ አሳዝኖኛል። ከሠርገኛው አንዱ "በራሴ በቅሎ እሸኛታለሁ ብሎ ምሎ አልነበር? ምን ነካው?" ብሎ ጠየቀ።

አለቃ ድንቁ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው "ምን ይነካዋል ልጄ፣ ሴትዮዋን ላጥባት ብሎ ላጣት" አሉ።