ጀርባውን ሰጥቶ ያገባት

ተረት ተረት!

ንገሪን በሥርዓት!

በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል የባላባት ልጅ ነበረች። አባቷ ግራዝማች ወንድይራድ ለትዳር የሚፈልጓትን ሁሉ ለግብር ጠሩና እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ ማዕዱ እስኪነሣ ድረስ አንዱን ምረጪ። ካልመረጥሽ የናደው ነሽ።»

ናደው ሀብታም ነው። አሽከሩን የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በዱላ ነው። ትርንጎም ይህን ታውቃለች።

በዚያ ዘመን የጨዋ ልጅ ሰው ፊት አትበላም፤ ነውር ነው። እሷም ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠችና እየበላች ወሬያቸውን ታዳምጥ ጀመር። አንዱ ስለ በቅሎው ያወራል፤ አንዱ ስለ ርስቱ። ከዚያም ጠጅ አሳላፊውን እንቅፋት መታውና ወደቀ። ጠጁም ናደው ላይ ፈሰሰ።

ናደውም፦ «ዓይንህ ይጥፋ!» አለና በእርግጫ መታው።

ትርንጎም ከመጋረጃው ጀርባ፦ «እኔን!» አለች።

እንግዶቹ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ወዲያው ነፋስ በበሩ ገባና መጋረጃውን ጣለው። ትርንጎ ጉርሻዋ በአፏ እንዳለ ታየች። የምትገባበት ጠፋት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ከፈላጊዎቿ አንዱ፣ ቢሻው የሚባለው ብቻ፣ ብድግ አለ። ፊቷ ሄዶ ጀርባውን ሰጣትና ኩታውን ዘርግቶ ከለላት። መጋረጃው እስኪሰቀል እንዲያ ቆመ።

ናደው ሳቀና፦ «ስንት ዘመን ጠብቀን ብትታይ፣ እሱ መጋረጃ ሆኖ አረፈው! አንተ፣ ለመሆኑ ምን አየህ?» አለ።

ቢሻውም፦ «የእናንተን ዓይን።»

«ታዲያ ያላየሃትን ሴት ምን ብለህ ታገባለህ?»

«ለወደቀ ሰው እኔን ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ምን ልይ?»

ናደው ወደ ግራዝማች ዞረና፦ «ጌታዬ፣ በልተናል፣ ጠጥተናል። ማዕዱ ይነሣና ልጅቷን ይስጡኝ» አለ። አሳላፊዎቹም ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

«አባዬ፣ ይቆዩኝ!»

ትርንጎ መጋረጃውን በገዛ እጇ ገለጠችና ወጣች። ሰው ሁሉ እያየ ከማዕዱ ጠቀለለች። ከዚያም ቢሻው ፊት ቆመችና፦ «በሞቴ!» አለችው።

ቢሻውም ዝቅ ብሎ ጎረሰ።

ግራዝማች ፈገግ አሉና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጌታ ቆሞ እንግዳ አይቀመጥምና አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ እልልታውም ቀለጠ። ናደውም፣ ጠጁ ከልብሱ እየተንጠባጠበ፣ ሳይወድ በግዱ ተነሥቶ ቆመላት።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤
እናንተም አጉርሱኝ በቃ!